ሙት አይበልዝም

ምን በልታ ይሆን? ምንስ ይበላት ይሆን?

የልጅ ልጄ ጫካ በገባች ቁጥር እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳመነዥክ እውላለሁ። የመጀመሪያውን ስትመለስ ከምሳ ዕቃዋ አነበዋለሁ፤ ግማሹ ዳቦ እንዳለ ይመለሳል። ሁለተኛውን ግን ማን ይመልስልኛል? ጫካ አይናገር። እሷ እንደሆነች ትስቅብኛለች። «እማማ፣ የአንቺ ጥያቄ እኮ አንድ ነው፤ ፊደል እየቀያየርሽ ነው የምታመጪው» ትለኛለች።

ሥራዋ ለሰሚው ያስቃል። የሞተ አጋዘን ፈልጋ ታገኛለች፤ ካገኘች በኋላ ማን እንደገደለው ትናገራለች። በቃ፣ ሥራ ብላ የያዘችው ይኸው ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የሰማች ዕለት መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «ታዲያ ፖሊስ ናት በይኛ!» አለችኝ።

«አዎ፣ የአጋዘን ፖሊስ።»

«ነፍሰ ገዳይ ይዛ ታውቃለች?»

«ነብር በካቴና ይታሰራል ወይ፣ አንቺ ደግሞ!»

ተሳሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንዶቹ አጋዘኖች አንገታቸው ላይ ድምፅ የሚልክ ቀበቶ ታስሮላቸዋል። እንስሳው ከተኛበት ሳይነሳ ሲቆይ ድምፁ ይፈጥናል፤ ያን ጊዜ «አንዱ ወድቋል» ብለው ይነሳሉ። ቀበቶ የሌለውን የሚያገኙት ሰማይ አይተው ነው፤ ጥንብ አንሳ ሲያንዣብብ፣ ቁራ አንድ ቦታ ላይ ሲንጫጫ። የቀረው የአፍንጫ ሥራ ነው። የእሷ አፍንጫ ደግሞ ለጉድ ነው። በልጅነቷ ጓሮ ስትጫወት ውላ፣ ምድጃ ላይ የጣድኩት ወተት ገና ሊገነፍል ሲያስብ «እማማ፣ ወተቱ!» ብላ የምትጮኸው እሷ ነበረች። መሥሪያ ቤት ያሉት «አፍንጮ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሬዲዮ ነው።

ሬዲዮ የልጄ ጓደኛ ነበር፤ የልጄ ማለት፣ የእሷ አባት። ሁለቱም የዚያው ጫካ ጠባቂዎች ነበሩ። አንድ ድንኳን፣ አንድ ጣሳ። ሬዲዮ የተባለው አፉ ስለማይዘጋ ነው። ዝናብ ሲጥል «ዘነበ» ብሎ ይጀምራል፤ ሲያባራ «አባራ» ብሎ ይቀጥላል። ሊሄድ ሲነሳ እንኳን ከወንበሩ እስከ በሩ አንድ ወሬ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ ሌላ ወሬ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ከቆመ በኋላ ደግሞ የረሳው ነገር ትዝ ይለውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማል። ልጄ «እባካችሁ ባትሪውን አውጡልኝ!» ይል ነበር።

ልጄን ጫካው ከወሰደው በኋላ ግን ያ ወሬ ነው ቤቴን ቤት ያደረገው። የልጅቷ እናት ሌላ ትዳር ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ አልፈርድባትም፣ ወጣት ነበረች። ልጅቷ ገና አፏን ሳትፈታ ለእኔ ቀረች። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ተሸክሞ የሚመጣው ሬዲዮ ነው። ልጅቷ ሲያተኩሳት አዝሎ ሐኪም ቤት የሮጠው ሬዲዮ ነው። እሁድ እሁድ ምሳ የምንበላው ሦስት ሆነን ነው። አንድ እሁድ ቢቀር እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት እጀምራለሁ፤ ሰው አንዴ ከጨነቀው ጭንቀት እንደ ድመት ነው፣ ያላበሉትም ቤት ይገባል።

ሥራውን ያስተማራትም እሱ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች ጠረጴዛዬ ላይ ዱቄት በትኖ በጣቶቹ ዱካ ይሠራላት ነበር። «ይሄ የማን ነው?» «የውሻ!» «ጥፍሩን የት አየሽው?» «የለም።» «እሱ ነው። ነብር ጥፍሩን እንደ ቢላ አፎቱ ውስጥ ይከታል። ጅብ ግን እንደ ሰካራም ነው፣ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይሄዳል።» ዱቄቴን እየጨረሱ ይስቃሉ። ካደገች በኋላ ከዱቄት ወደ ጫካ ወሰዳት። ያን ጊዜ ተቆጣሁት። «አባቷን የበላ ጫካ ውስጥ እሷንም ልትከታት ነው?» አልኩት። ለአንድ ጊዜ አጭር መልስ ሰጠኝ። «እማማ፣ እኔ ባላስገባት በራሷ ትገባለች። ከገባች ዓይኗ ተከፍቶ ትግባ።»

ልጄ እንዴት እንደሞተ የማውቀው ከሬዲዮ አፍ ነው። ነብር ከኋላ መጣ፣ አንገቱን ያዘ፣ ወዲያው። ሬዲዮ ሰው ሊጠራ ሄዶ እስኪመለስ ደግሞ ጅብ ደረሰበት። የሬሳ ሳጥኑ አይከፈት ተባለ፤ አልተከፈተም። «ወዲያው ነው እማማ። አልተሰቃየም። ምን እንደነካው እንኳን አላወቀም» አለኝ። ይህችን «ወዲያው» የምትለውን ቃል ነው ይዤ የኖርኩት። ልጅ የሞተበት ሰው ፎቶ ይዞ ይቀራል፤ እኔ ፎቶውን ማየት አልችልም፣ «ወዲያው»ን ግን በልቤ አገላብጬ አያታለሁ። ሌሊት የነቃሁ እንደሆነ እሷን ብዬ እተኛለሁ።

ልብሱ በከረጢት ተደርጎ ከጽሕፈት ቤቱ መጣልኝ። ሬዲዮ «ያቃጥሉት እማማ፣ ባዩት ቁጥር ይጎዳሉ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። እሺ ማለት ምን ገዶኝ! የእናት እጅ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ክብሪት ይጭራል እንዴ? ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ።

ያን እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ልጅቷ ከጫካ የተመለሰችው ሊረፋፍድ ሲል ነው። ገና በሩን ስታልፍ ጣቶቿን ቆጠርኩ፣ ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ጫማዋን አየሁ። ጫማዋ ላይ ጭቃ እንጂ ደም አልነበረም።

«ምነው፣ ዛሬ ደም የለም?»

«ሲኖር ትጮኺያለሽ፣ ሳይኖር ትጠይቂያለሽ። ምን ይሻልሻል እማማ?»

«ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ሥራ ብታገኚ ነው የሚሻለኝ። ፖስታ ቤት ሰው ይፈልጋሉ አሉ።»

«ፖስታ ቤት አጋዘን አይሞትም።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ!»

ሳቀች፤ ወደ ጓሮ ወጥታ በርሜሉ ዘንድ ቢላዋን በሳሙና አጠበች፣ ጓንቷን ገልብጣ ገመድ ላይ ሰቀለች። ዝናብ እያካፋ ጓንት የሚሰቅል ሰው ምን ይባላል? ፊቷ ላይ ግን የሆነ ነገር ነበረ። ደክሟታል ብዬ ሾርባውን አሞቅሁ።

«ዘነበ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ሰማሁ። ሬዲዮ ነው። «ዘነበ፣ እማማ! መንገዱ ሁሉ ገንፎ ሆኗል። ከመጋዝ ቤቱ ጀርባ አንድ መኪና ሰምጦ ሰው ሁሉ ይመክራል፤ የሚገፋ የለም፣ መካሪ ብቻ!» እያለ ገባ። ካፖርቱን አራግፎ በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ጫካ አይወጣም፤ የጽሕፈት ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቃል። ልጅቷ ያየችውን ሁሉ ካልሰማ ግን ምሳ አይዋጥለትም።

የድንች ሾርባ ቀዳሁላቸው፣ ዳቦውን መሐል አስቀመጥኩ።

«እህ፣ አፍንጮ! ምን ተገኘ?»

«አንድ አጋዘን፣ ጋሼ። ሴት ናት። ገደሉ ሥር።»

«ነብር ነው?» አልኩ እኔ፣ እሱ ሳይቀድመኝ። «ነብር ነው አይደል? ወደ መንገዱ ቀርቧል ማለት ነው?»

«ነብር በልቷታል።»

«አላልኩም! ይኸው!»

«በልቷታል አልኩ እንጂ ገድሏታል አልኩ እንዴ?»

«ሳይገድል ይበላል ታዲያ? ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ?»

ሬዲዮ ማንኪያውን እንደ አስተማሪ ዱላ አነሳ። «ተይ፣ እኔ ላስረዳቸው...»

«አይሆንም ጋሼ፤ አንተ ከጀመርክ ሾርባው በረዶ ይሆናል።» ክንዴን ያዘች። ትናንት የቁምሣጥኑ በር መትቶኝ ከክርኔ በላይ ጠቁሮ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?»

«በልዞ ነዋ። ምን ይሆናል።»

«ለምን በለዘ?»

«ስለመታኛ!»

«አይደለም፤ በሕይወት ስላለሽ ነው። ልብሽ ስለሚመታ፣ ደምሽ ስለሚሄድ። የሞተን ሰው በር ቢመታው አይበልዝም። እንስሳም እንደዚያው ነው። እኛ ስንደርስ መጀመሪያ የአንገቱን ቆዳ እንገፍፋለን። ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሮ ከሆነ፣ ሲነከስ ሕያው ነበር ማለት ነው፤ ነብሩ ገድሎታል። የጥርሱ ቀዳዳ ኖሮ ሥጋው ንጹሕ ከሆነ ግን፣ ነብሩ የደረሰው ከሞት በኋላ ነው። በላው እንጂ አልገደለውም።»

«ሙት አይበልዝም!» አለ ሬዲዮ ደረቱን ነፍቶ። «የማን ቃል ነው? የእኔ! ግድግዳ ላይ መጻፍ የነበረበት ቃል ነው።»

«የግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፈው፤ አካፋዎቹ ያንብቡት» አለችው።

«አካፋ እንኳን ከአንቺ ይሻላል፤ የነገሩትን ያከብራል።»

እንዲህ ሲነካከሱ ደስ ይለኛል። ቤቱ ይሞቃል። ዳቦ ቆርሼ ለሁለቱም ጣል ጣል አደረግሁላቸው።

«ታዲያ ይችን ማን ገደላት?» አልኩ።

«ማንም። ከላይ ወድቃ የኋላ እግሯ ተሰብሯል። እዚያው ነው የቆየችው።» የሰጠኋትን ዳቦ ሳትበላ ያዘችው። «በምን እንዳወቅሁ ታውቃላችሁ? በሣሩ። አንገቷ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያዋን ያለው ሣር ተግጦ አልቋል። ክብ ሠርቶ፣ መሬቱ እስኪታይ። ከዚያ አንድ ክንድ አለፍ ብሎ ሣሩ ለምለም ነው። አልደረሰችበትም።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ያን ለምለም ሣር እያየች! ሬዲዮ ዝም ብሎ ነበር። አላስተዋልኩም፤ አላስተዋልኩም ማለት፣ አስተውዬ «ዳቦው አንቆት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት።

«ምነው ነብሩ ቀድሞ በደረሰላት» አልኩ። «ነብር ቢሆን ወዲያው ነበር። እንደ አባትሽ።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ስለ አባቷ ሳነሳ ሁልጊዜ እንዲህ ቀስ ትላለች። «አዎ፤ ነብር አንገት ከያዘ አያቆይም። ደሙ ግን ብዙ ነው። አንገት አካባቢ የማይርስ ነገር የለም።»

«ውይ፣ እሱንስ ፈጣሪ አላሳየኝም» አልኩ። «የአባትሽ ጃኬት አንገትጌ ጠብታ ደም እንኳን አልነካውም። ጭቃውን ብቻ ነው ያራገፍኩት።»

ይህን ያልኩት ላጽናናት ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የሰማሁት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲነካ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሁለቱም እኩል ተናገሩ።

«የቱ ጃኬት?» አለች ልጅቷ።

«አላቃጠሉትም?» አለ ሬዲዮ።

ልጅቷ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ እሱን አየችው። ጫካ ውስጥ ስትሠራ አይቻት አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን እንዴት እንደምታይ አየሁ። ዓይኗ አይቸኩልም።

«ሾርባችሁ በረደ» አልኩ።

«እማማ።»

«ቁልፉ ጠፍቷል።»

«ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው።»

እጄ በራሱ ሄዶ ጨበጠው። ምን ላድርግ? በአንድ በኩል ያቺ «ወዲያው» የምትለው ቃል አለች። በሌላ በኩል ይህች ልጅ አለች። ደግሞ ይሄ ሰው አለ፤ ከሞተው ልጄ የተረፈኝ ልጄ። ሦስቱንም በአንድ ገበታ ይዤ ልሞት ነበር ሐሳቤ። የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባላል። እኔ ሳላውቀው ይዤ ተገኘሁ።

«ተይው ልጄ» አልኳት። «ሆድ ይፍጀው።»

«ፈጀው እኮ» አለች፣ ሬዲዮን እያየች።

እውነቷን ነበር። ሰውየው በአንድ ጊዜ ሟሟ። ማንኪያው እጁ ላይ እንዳለ ሾርባው ውስጥ የሆነ ነገር እንደወደቀበት ሰው ቁልቁል ያያል። ቁልፉን ከአንገቴ አወለቅሁ። እኔ ባልሰጣት ሳጥኑን ሰብራ ትከፍተዋለች፤ አውቃታለሁ፣ የእኔው ደም ናት።

ልብሱን እዚያው ክፍል ያለው አልጋዬ ላይ ዘረጋችው። ወዲያው አልነካችውም። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ በአልጋው ዙሪያ ሄደች፣ ከራስጌ ወደ ግርጌ፣ ከግርጌ ወደ ራስጌ። ከዚያ ጃኬቱን በሁለት ጣት ገለበጠች። ጀርባው ተቀዷል።

«ይሄ ጅብ ነው» አለች በሥራ ድምጿ። «ጎትቶታል። ደም የለውም።» አንገትጌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች፣ ውስጡን አየች፣ አሸተተችው። «ንጹሕ ነው።»

ሱሪውን አነሳች። አንደኛው እግሩ ተተልትሏል፤ ክሩ ተንጠልጥሏል፣ ጨርቁ ታኝኳል። ሁለተኛው ከታች ጀምሮ ከጉልበቱ በላይ ድረስ ተከፍቷል።

«ይሄኛው ጅብ ነው። ይሄኛው ግን...»

«እሱም ጅብ ነው» አልኩ ፈጥኜ። «ወይ የነብሩ ጥፍር ነው። ጥፍር ይሆናል። እኔ ሁልጊዜ ጥፍር ነው ነበር የምለው።»

«ጥፍር ጨርቅ ሲቀድ ይተለትላል እማማ። ነይ እዪው። ይሄ ተሰንጥቋል። ስፌቱን ተከትሎ ነው የሄደው፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንድም ቦታ አልተዛነፈም።» ድምጿ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ስለታም ቢላ ያለው ሰው ነው። እንዳያመው እየተጠነቀቀ።»

ሬዲዮ ወንበሩ ላይ ነው። ጀርባውን ሰጥቶን።

«እግሩ ነው የተሰበረው?» አለች። ወደ እሱ አልዞረችም፤ ሱሪውን የጠየቀች ነበር የምትመስለው።

«ከጉልበቱ በታች» አለ።

ድምፁን አላወቅሁትም። ያ ሁሉ ወሬ ከሚወጣበት አፍ አሁን አንድ አንድ ቃል ነው የሚወጣው።

«ከገደሉ አፋፍ ተንሸራተተ። ወረድኩለት። ሱሪውን ሰነጠቅሁ፣ በእንጨት አሰርኩለት። ልሸከመው ሞከርኩ፣ ጮኸ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። 'ሂድ ሰው አምጣ፣ ወሬህን ግን እዚህ ተውልኝ፣ እንዳይደብረኝ' አለኝ። ይቀልድ ነበር እማማ። ሄድኩ። ጉም ወረደ። መንገዱ ጠፋኝ። ስወርድ ስወጣ ራሴን ሌላ ሸለቆ ውስጥ አገኘሁት። በስንት መከራ እንጨት ቆራጮቹ ሰፈር ደረስኩ። 'በዚህ ጉም ማንም አይወጣም፤ ሲገለጥ እንሄዳለን' አሉኝ። ተቀመጥኩ። ምድጃ ነበራቸው።»

ልጅቷ ሱሪውን እንደያዘች ናት።

«እሳት ዳር ተቀምጬ ነበር እማማ። ጉሙ እስኪገለጥ እሳት ዳር ተቀምጬ ነበር።»

«ጉሙ መቼ ተገለጠ?» አለች ልጅቷ።

ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ የተፈረፈረውን ዳቦ በጣቱ ወደ አንድ ቦታ ይሰበስባል።

«ክብሪት ነበረው» አለ። «እጁ የደረሰበትን ጭራሮ ሁሉ አንድዷል። ግራና ቀኙ አመድ ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ደረቅ እንጨት...» አልጨረሰውም።

ስለ ሣሩ ማንም አላነሳም። ሦስታችንም ግን ሣሩን ነው ያየነው።

«ስደርስ አብቅቶ ነበር። ጅቡ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፤ ይሄ እውነት ነው። እዚህ ስመጣ ደጃፉን ሳልረግጥ ቀድመው 'ልጄ ተሰቃይቷል?' አሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም። ነብር አልኩ። ነብር ይፈጥናል።»

እንዲህ ብዬ ጠይቄው ነበር፤ አሁን ሲለው ትዝ አለኝ። በሩ ላይ ይዤው ነበር፣ እርጥብ እጅጌውን። የጠየቅሁትን ሰጠኝ።

«እኔን ለምን አስተማርከኝ?» አለችው ልጅቷ። ያኔ ነው የዞረችው። «ዱቄት ላይ ዱካ፣ ቆዳ መግፈፍ፣ ሙት አይበልዝም... ለምን? አንድ ቀን እንደማገኘው አታውቅም ነበር?»

ሬዲዮ ፍርፋሪውን መሰብሰቡን ተወ።

«መንገዱ እንዳይጠፋሽ ብዬ ነው» አለ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሱሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ስንጥቁን ትከተለዋለች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ። ልሄድላት ፈለግሁ። እግሬ ግን በጠረጴዛውና በአልጋው መሐል ቀረ። ወደ እሷ ብሄድ ለእሱ ጀርባዬን ልሰጠው ነው፤ ወደ እሱ ብሄድ ለእሷ።

እሪ ማለት ነበረብኝ። እሪታ ብጠራው አልመጣ አለኝ። የመጡልኝ ሌሎች ናቸው፤ ያን ዕለት ልጄ ከቤት ሲወጣ ልጠይቀው ይገባኝ የነበሩ፣ ተራ ተራ ነገሮች።

«ካልሲው ደረቅ ነበር?»

«ደረቅ ነበር እማማ።»

«የሚበላ ነበረው?»

«ዳቦ ነበረው። የእኔንም ሰጥቼዋለሁ።»

«ካፖርትህንስ? ካፖርትህን ተውክለት?»

«ትቼለት ነበር።»

«ደግ አደረግህ» አልኩት።

ልቆጣው ፈለግሁ፤ ቁጣዬ ተነስቶ ተነስቶ ያ ምድጃ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። እሱም ያን ጊዜ ልጅ ነበር። ካፖርቱን ሰጥቶ በሸሚዝ፣ በዚያ ጉም ውስጥ። የእሱም እናት ብትሆን እሳት ዳር አስቀምጡልኝ ነው የምትለው። ይቅር ልለው ደግሞ ፈለግሁ፤ አፌን ከፍቼ ጭራሮው ታየኝ። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ሲፈልግ፣ መሬቱን በእጁ ሲዳብስ፣ ልጄ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ብርድ የማይችል ልጅ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤለት እንኳን እግሩን እግሬ ሥር የሚከት ልጅ።

ስንት ጊዜ ነው «ወዲያው» ብዬ የተኛሁት?

አንድ ጥያቄ ቀርታኝ ነበር። ጠርቶኝ ይሆን? ብዬ። አልጠየቅሁትም። ማን ይመልሳታል? እሱ አልነበረ። ጫካ አይናገር።

«ብላ» አልኩት በመጨረሻ። «በረደብህ እኮ። ትኩሱን ልጨምርልህ?»

ይህን የምለው ለምንድን ነው አትበሉኝ። ሰው ፊቴ ላይ ሲጎዳ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ጭልፋውን አነሳሁ። ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ሬዲዮ ተነሳ። የታመመው ጉልበቱ ጠቅ ሲል ሰማሁት። ማንኪያውን ከሳህኑ አጠገብ ቀጥ አድርጎ አኖረው፣ የሰበሰበውን ፍርፋሪ በመዳፉ ጠርጎ ሳህኑ ውስጥ ጨመረው። ልጅቷን አያት። ቀና አላለችም፤ ጣቷ ስንጥቁ ላይ ነው። እኔን አየኝ። «ቁጭ በል» ልለው ነው፣ «ውጣ» ልለው ነው፣ እኔም አላወቅሁትም።

ከወንበሩ እስከ በሩ ምንም አላለም። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፣ ሰው የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ። ከበሩ እስከ አጥሩ ምንም አላለም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ ከአጥሩ ውጭ ሲደርስ ሁልጊዜ የረሳው ነገር ትዝ ይለዋል። ቆሞ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። ካፖርቱ ከጀርባዬ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ጫፉ ገና ይንጠባጠባል።

ዝናቡ ጠንክሮ ነበር። «ዘነበ» እንኳን አላለም።